«ወድቃ ነው»
በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ከሥራሽ ጋር የተያያዘ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ስለ ጅማ ዝናብ ማውራት ነበር። በ1993 ዓ.ም. አብረውኝ የገቡ እዚህ አሉ። ከዶርም እስከ ካፌ ባለው መንገድ ስንት ጫማ እንደፈጀን እነሱ ይመስክሩ። ግን ስለ ዝናቡ ማታ እራት ላይ እንጫወታለን። አሁን የማወራችሁ ስለ አንዲት ልጅ ጆሮ ነው።

እኔ የምኖረውና የምሠራው ዲላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ ታገኙናላችሁ። ዲላን የማያውቅ እንኳ ይርጋጨፌን ያውቃል፣ ቢያንስ በስኒ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተማችን እንዴት እንደተደሰተች ብታዩ! ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱና ቡናው ከሥር፣ ሰውም በመካከሉ ሆኖ ስንት ዘመን የኖረበት ማሳ ነው የተመዘገበው። ያንን ቡና ከሚለቅሙት እጆች ውስጥ ግን የልጆች እጅም አለበት። ለቀማው ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል፤ ይህንን እዚያ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት፤ ልጅቷ እንዳትታወቅ ዕድሜዋን፣ ዓመቱንና አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። የኔን ስሕተት ግን አልቀየርኩትም።

ዲላ በገባሁ ማግስት በሚባል ጊዜ ነው፤ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ወሩ ኅዳር ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። ይዟት የመጣው አስተማሪዋ ነው። ሰውየው ትሑት ነው፤ ካርዱን ያወጣው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ከሥራ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ቆርጦ ተሰልፏል። «እንዴት ያለ ጥሩ መምህር ነው» ብዬ በልቤ አመሰገንኩት፣ እውነቴን ነው።

ልጅቷ ግራ ጆሮዋን ይዛለች። አማርኛዋ ገና ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚማሩት በአፍ መፍቻቸው በጌዴኡፋ ነው። የኔ ጌዴኡፋ ደግሞ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ «ምን ሆነሽ ነው?» ስል አስተማሪው ተረጎመላት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። እሱም ወደኔ ዞሮ «ስትጫወት ወድቃ ነው ዶክተር» አለኝ።

ጆሮዋን በመሣሪያው አየሁት። ታምቡሩ ተቀዷል፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ደም አለ። ሐኪሞች እዚህ ያላችሁ አሁን ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ሜዳ ላይ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ይላጣል፣ መዳፉ ይቆስላል፣ ግንባሩ ያብጣል። ሌላ ቦታዋ ሳይነካ የአንድ ጆሮ ታምቡር ብቻ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ በተከፈተ መዳፍ ጆሮ ግንድ ላይ ሲመታ ነው። አየሩ ይታመቅና ስስ ቆዳውን ይበጥሰዋል። ይህንን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ። ግን ኮሪደሩ ሙሉ ነው፣ ሰውየው ትሑት ነው፣ ሰዓቱም ስድስት ሊሆን ነው። ካርዱ ላይ «በመውደቅ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ውኃ እንዳይገባበት፣ ምንም ጠብታ እንዳይጨመርበት ነገርኳትና በሁለት ሳምንት ቀጠርኳት።

በቀጠሮዋ የመጣችው ከአያቷ ጋር ነው። ያን ቀን አብራኝ የነበረችው ነርስ የወናጎ ልጅ ናት፣ ጌዴኡፋ አፏን የፈታችበት ነው። «ሲስተር፣ እስኪ አሁንም ያማት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት። ሲስተር ወንበሯን አውርዳ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች፣ ጠየቀቻት፣ አዳመጠቻትና ዝም አለች። ከዚያ «ዶክተር፣ ‹ባለፈው ጊዜ ነግሬያት ነበር እኮ› ነው የምትለው» አለችኝ።

ለካ በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ነግራኛለች። ሦስት ቀን ቡና ለቀማ ሄዳ ስትመለስ «የት ነበርሽ?» ብሎ በጥፊ እንደመታት፣ እሱ ራሱ አጠገቧ ቆሞ እያለ፣ ለኔ ለሐኪሟ ተናግራለች። እሱ ነው «ወድቃ ነው» ብሎ የተረጎመው። እኔ ደግሞ ተርጓሚዬ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ይኸውላችሁ፣ በዚህ ጉዳይ ልጆች አይናገሩም እንላለን። እሷ ተናግራለች።

ቀጥሎ የሆነው የባሰ ነው። አያትየው ቀድመው ትምህርት ቤት ሄደው አቤት ብለው ነበር። የተሰጣቸው መልስ የኔ ካርድ ነው፤ «ሐኪሟ ራሷ በመውደቅ ነው ብላለች፣ ይኸው ፊርማዋ»። እኚያ ሴት ማንበብ አይችሉም። ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነበርና ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማስተካከያ ጻፍኩ፣ ማኅተም አስደረግኩ፣ ከአያትየው ጋር እስከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከስንት ምልልስ በኋላ ሰውየው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ተዛወረ፣ በቃ። እዚያም ልጆች አሉ። የልጅቷ ታምቡር በሦስተኛው ወር ገጠመ፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ካልተነካካ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። እኔን ያዳነኝም የሰውነቷ ደግነት ነው፣ ሕክምናዬ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «እኛስ በአርጩሜ አይደል ያደግነው?» እያላችሁ እንደሆነ ይሰማኛል። እኔም ተገርፌያለሁ። የክፍል አለቃ ስሜን በአወኩ ዝርዝር ጽፎ ጠጠር ላይ ተንበርክኬያለሁ። አስተማሪዎቼንም እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ። ግን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩ የአስተዳደግ ምርጫ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ አስቀምጧል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት መምህራን ስንቶቻችን ይህ አንቀጽ እንዳለ እናውቃለን? እኔ በበኩሌ ያነበብኩት ከልጅቷ በኋላ ነው። ደግሞ ለአስተማሪውም ልናገርለት፤ በፈረቃ፣ በአንድ ዴስክ አራትና አምስት ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጠዋትና ከሰዓት ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ሳይመታ ክፍል እንዴት እንደሚያዝ ያሳየው ሰው ላይኖር ይችላል። ይህንን የምለው ጥፊውን ለማቅለል አይደለም። እኛ ትምህርት ፋኩልቲ ያለን ሰዎች ነን፤ ለአሠልጣኝ መምህራኖቻችን ከዚህ የሚበልጥ የምርምር ርዕስ አይታየኝም።

አሁን ከጥፊ ወደሚከብደው ልለፍ። ርዕሱ ለበዓል እንደማይመች አውቃለሁ፣ ይቅርታ።

ተደፍራለች ወይም ተደፍሯል ተብሎ የሚመጣ ልጅ አለ። ወንድ ልጆችም አሉ፤ እነሱማ ጭራሽ ዘግይተው ነው የሚመጡት። እዚህ ላይ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ እርግዝና መከላከያው እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ቤተሰብ ግን በደግነት መጀመሪያ የሚያደርገው ልጅቷን ማጠብና ልብሷን ማጠብ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይጠራል። ሽማግሌ ተነጋግሮ እስኪጨርስ ሦስቱ ቀን አለፈ ማለት ነው።

ሽምግልናን ለማንቋሸሽ አይደለም። ጌዴኦ ውስጥ ሶንጎ አለ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የመሬቱን፣ የጎረቤቱን፣ የባልና ሚስቱን ጠብ የሚፈቱበት። እኔ እዚያ ያየሁትን ትዕግሥት በብዙ ስብሰባዎቻችን አላየሁም። አንድ ሽማግሌ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ደም ሲሆን ለመንግሥት እንሰጣለን። ይህንን የምናስቀረው ደም ስላላየን ይሆን?» ሕጉ ግን ቁርጥ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅን በደፈረ ላይ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ እስከ 18 ዓመት ላሉት አንቀጽ 626 አለ፤ ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በካሳና በእርቅ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ለሐኪሞችና ለሕግ ሰዎች አንድ ነገር ላስምር። ከፖሊስ በሚመጣው ወረቀት ላይ ዛሬም «ክብረ ንጽሕናዋ መኖሩ ተረጋግጦ ይገለጽልን» የሚል ጥያቄ ይጻፋል። ይህ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብትና የሴቶች ተቋማት ጋር ሆኖ እንዲቀር የጠየቀው ለዚህ ነው። ጥቃት ደርሶባቸው ከሚመረመሩ ልጆች አብዛኞቹ ላይ የሚታይ ጉዳት አይገኝም። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» ብለን ፈርመን ስንልክ፣ ዳኛው «ምንም አልሆነችም» ብሎ ያነበዋል። እንደኔው ካርድ ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ጉዳት አለመታየቱ ጥቃት አለመፈጸሙን አያሳይም»። ያቺ ዓረፍተ ነገር ሰላሳ ሰከንድ ነው የምትፈጀው።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ብዙው የተጠለለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔም ከተጠለሉባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሠርቻለሁ። ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ጥያቄ ሳይጠፋ ከሥሩ ጉልቻ ተጎልቷል። እዚያ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው። እናቶቹ ማታ ማታ ተራ ገብተው ሴት ልጆቹን መጸዳጃ ቤት ያደርሱ ነበር፤ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፣ በሩ አይዘጋም፣ መብራት የለም። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ተማሪዎቹም ሲመለሱ፣ ያ በር እንደዚያው ነበር። ለካ ድሮም እንደዚያ ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲሄዱ ጓደኛ አስከትለው በሩን በእግር እያስያዙ ኖረዋል። ብቻዋን የሆነች ልጅ ደግሞ እስክትወጣ ድረስ ሳትሄድ ትውላለች። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ብዬ ካከምኳቸው ውስጥ ስንቶቹ የዚያ በር ታማሚዎች እንደነበሩ አሁን አስባለሁ።

ስለ መንገዱ ላጭር። የሞያሌ አስፋልት ዲላን መሐል ለመሐል ነው የሚያልፈው። ፈረቃ ሲለቀቅ ልጆቹ በአይሱዙና በባጃጅ መካከል ይሮጣሉ። የሲቪል መሐንዲሶቻችን እዚህ ናችሁ፤ ዜብራና የፍጥነት መግቻ የት መዋል እንዳለበት ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን እኔ በምሠራበት ክፍል ደንብ አውጥተናል፣ በወረቀት ሳይሆን በልማድ። ጉዳት ያለው ልጅ ሲመጣ ይዞት የመጣው ሰው፣ አባትም ይሁን መምህር፣ ለተወሰነ ደቂቃ ውጭ ይቆያል። ቋንቋውን የሚችል የኛው ሠራተኛ ዝቅ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ያለውን በራሱ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንጽፋለን። «በመውደቅ» የሚለውን የምጽፈው መውደቁን የነገረኝ ልጁ ራሱ ሲሆን ነው። የሚቆጡ ወላጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሲገባቸው ያመሰግናሉ።

ቲቲፒ አጋሮ የወጣን ልጆች፣ ሲቢቲፒ ላይ ቤት ለቤት እየዞርን መጸዳጃ ቤት ስንቆጥር የሳቅነውን ታስታውሳላችሁ? «ሐኪም ሊሆን መጥቶ ሽንት ቤት ይቆጥራል» እንል ነበር። እንግዲህ በአርባዎቹ ዕድሜዬ ተመልሼ ሽንት ቤት እየቆጠርኩ ነው። መምህሮቻችን፣ ትክክል ነበራችሁ።

ማኅበራችን ለትምህርት ቤት ስጦታ ሲያስብ ሁሌ የሚመጣልን መጽሐፍና ኮምፒዩተር ነው። ዘንድሮ በር ይሁን እላለሁ። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ያለው የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ ቤት በር፣ ለልጅ ቁመት የሚደርስ። ዲላ ከተማና ወናጎ ካሉ ርእሳነ መምህራንና ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቶቹ ጋር ተነጋግሬ ስንት በር እንደሚጎድል ቆጥሬ መጥቻለሁ። ልኬቱም አለ። ከበሩ ጋር አንድ ነገር እንዲሄድ እፈልጋለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት፣ ቋንቋቸውን የሚችል፣ ሲነገረው የሚሰማ አንድ ሰው። ዘበኛዋም ልትሆን ትችላለች።

ዝርዝሩ የያዘው ደብተር መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ነው። የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያላችሁ ከምሳ በፊት ብታዩት፣ የሕግ ሰዎቻችን ደግሞ የካርድ አጻጻፋችንን ብታርሙልን ደስ ይለኛል። ጥያቄ ያለው፣ እዚሁ ነኝ።