የወር ክፍያ የሚጠይቀውን ቴሌቪዥን እናስቀር ወይስ እንቀጥል?

(በመዝናኛ ኮሚቴው ስም ለተማሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ የተነበበ ንግግር)



ይህን ጉዳይ እንድንመረምር ዐደራ ስለ ጣላችሁብን በቅድሚያ ከልብ እናመሰግናለን። ምርጫው በተደረገበት ቀን «ለቴሌቪዥን ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» ብለው የሳቁብን ጓደኞች ነበሩ። እኛም ብንሆን ነገሩ በአንድ ማታ ውይይት የሚያልቅ መስሎን ነበር። ነገር ግን አምስት ሳምንት ፈጀብን፤ ሰባት ሆነን ተቀምጠን አራት ለሦስት ተለያየን፤ ሁለት ጊዜም ተቀያይመን ተነሣን። እንግዲህ ዛሬ የምናነበው የአራቱ አሳብ ነው። የሦስቱንም አሳብ ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ እንዲህ እንድናደርግ ቃል ገብተንላቸዋልና።

ጉዳዩ ይህ ነው። በአዳሪዎች መዝናኛ አዳራሽ ያለው ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን የሚያገኘው በየወሩ ገንዘብ በሚከፈልበት የሳተላይት አገልግሎት ነው። ክፍያው እያንዳንዳችን በየወሩ ከምናዋጣው የመዝናኛ ገንዘብ የሚወጣ ሲሆን፣ መዝገቡን ብንመረምር ከመዋጮው ከግማሽ የሚበልጠው በዚሁ ያልቃል። የቀረችው ለኳስ፣ ለመረብ፣ ለዳማና ለጋዜጣ ትከፋፈላለች። ባለፈው ዓመት ያቺን ሦስት ጊዜ የተሰፋች ኳስ ይዘን ስድስት ሳምንት የተጫወትነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ያገኘነው ነገር አለ፤ ጥፋቱ የራሳችን ስለ ሆነ ስንናገረው እናፍራለን። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ አዳራሹ ተቆልፎ ሳለ፣ ያለፈው ኮሚቴ አስቀድሞ ከፍሎ ስለ ነበር ቴሌቪዥኑ ሁለት ወር ሙሉ ለባዶ ወንበር ተከፈለለት። ከመካከላችን ሁለቱ የዚያ ኮሚቴ አባሎች ነበሩ። ቁልፉ በእጃቸው የነበረው ዘበኛችን ጋሼ ብቻ አንዳንድ ማታ ገብተው ዜና ይሰሙ ነበር አሉ፤ እሳቸውም የሰሙት የሀገራችንን ዜና ነው፤ እርሱ ደግሞ ያለ ምንም ክፍያ የሚገኝ ነው።

ለመሆኑ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማታው ደብተር ይዘን ከአዳራሹ በር አጠገብ ተቀመጥን። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ከዚያ ሁሉ ጣቢያ የተከፈቱት ስምንት ብቻ ናቸው። ከስምንቱ አምስቱ ማንም ሰው በነፃ ሊያያቸው የሚችል የሀገራችን ጣቢያዎች ነበሩ። ከቀሩት ከሦስቱ ሁለቱ የኳስ፣ አንዱ የፊልም ነው። የፊልሙም ቢሆን የተከፈተው አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ሥዕሉ ስለ ተቆራረጠ ፍጻሜውን ማንም አላየም።

ይህን ስንጽፍ ያላሰብነው ነገር ደግሞ በደብተሩ ላይ ወጣ። ቅዳሜ ማታ በአዳራሹ ከተቆጠሩት ተማሪዎች ውስጥ ሴቶች እኅቶቻችን አራት ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሁለት። ስለ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው አንዷ «መዋጮው የጋራ ነው፤ ወንበሩ የወንዶች ነው» ብላ መለሰችልን። የምንመልስላት ቃል አጣን። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ድራማ ሲኖር አዳራሹ በሴቶችና በወጥ ቤት ሠራተኞቻችን ይሞላል፤ እርሱ ግን ከነፃዎቹ ጣቢያዎች የሚመጣ ነው።

በወር እየከፈሉ ቴሌቪዥን ማየት ከወዴት እንደ መጣ ጥቂት አንብበናል። በአሜሪካ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ግድም፣ በፔንሲልቫኒያና በኦሬገን ከከተማ ርቀው የሚኖሩና ተራራ የጋረዳቸው ሰዎች የቴሌቪዥን ሥዕል አልደርስ ቢላቸው፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተክለው በሽቦ ለየቤቱ ያከፋፍሉት ጀመር። ኬብል ቴሌቪዥን የተባለው ይህ ነው። በ1972 ኤች ቢ ኦ የሚባለው ጣቢያ በዚያው በፔንሲልቫኒያ ተጨማሪ ክፍያ እየተቀበለ ፊልም ማሳየት ጀመረ፤ በ1975ም በሳተላይት አማካይነት ወደ ብዙ ከተሞች ተሰራጨ። አሁን ግን በዚያው አገር ሰዎች ሽቦውን እየተዉ ወደ ኢንተርኔት ሄደዋል፤ በሐምሌ 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በኢንተርኔት የሚታየው ቴሌቪዥን በኬብል ከሚታየው ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጡን ኒልሰን የሚባለው የተመልካች ቆጣሪ ድርጅት አስታውቋል።

የኛ አገር ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንቴና ጣሪያ ላይ የሰቀለ ሰው ያየው ነበር፤ ሽቦው ወደየመንደሩ ሳይዘረጋ የዲሽ ዘመን ደረሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች በሳተላይት የሚመጣውን ትምህርት «በፕላዝማ» ይማሩ እንደ ነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። አስተማሪው እንግሊዝኛውን አፍጥኖ ሲናገር ቁም የሚለው ሰው አልነበረም እያሉ እስከ ዛሬ ይሥቃሉ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ከወር ክፍያው ሌላ ሦስት መንገድ አለ ተባልን፤ ሦስቱንም ተመለከትን።

አንደኛው ኢንተርኔት ነው። በከተማ ቤት ውስጥ ላለ አንድ ሰው ይህ መልካም ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን ሒሳቡ አልሆነልንም። ጥራት ያለው ሥዕል በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት ይበላል፤ አንድ ጨዋታ ከዕረፍቱ ጋር ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋልና 6 ጊጋ ባይት ማለት ነው። ዳታውን በየማታው ስንገዛ ካስቀረነው ክፍያ የሚያንስ ወጪ አይኖረንም። በዚያም ላይ የግቢያችን መስመር ማታ ማታ ሁሉም ስልኩን ሲከፍት ምን እንደሚመስል ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛውን ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ አይገባንም። አንድ ዲሽ የሚተክል ሰው ወደ ኮሚቴያችን ቀርቦ፣ «ሰርቨር» የሚሉትን በሪሲቨር ላይ ጭኖ የተቆለፉትን ጣቢያዎች ሁሉ በዓመት በጥቂት ብር ሊከፍትልን እንደሚችል ነገረን። ደስ ያለን አልታጣንም። አንዳችን እንዲያውም «የሚጎዳ ሰው የለም፤ ኩባንያው ሀብታም ነው» ሲል ተከራከረ። ነገር ግን በዚሁ ተማሪ ቤት በፈተና ላይ የሰው ወረቀት የገለበጠ ልጅ ይቀጣል፤ በተማሪ ቤቱ ስም የሰው ቁልፍ አስመስለን ልንከፍት አንችልም። ይህን በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ሰባታችንም ተስማምተን ጣልነው። ሌላው ቢቀር ሰርቨሩ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ነውና በጨዋታው ሰዓት መቋረጡ አይቀርም።

ሦስተኛው ነፃ ዲሽ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የፊዚክስ መምህራችን የረዱን እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የሀገራችን ጣቢያዎች ብዙዎቹ የሚገኙት ናይልሳት ባለበት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው ሲቋቋም ጣቢያዎቹ ኤን ኤስ ኤስ 12 ወደምትባለው፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለችው ሳተላይት ተዛወሩ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ዲሹ የተበላሸበት የመሰለው ሰው ብዙ ነበር፤ ዲሹ ግን አልተበላሸም፤ የሚያየው ሌላ ወገን ሆኖ ነው እንጂ።

ሁለቱም ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል ይዞራሉ፤ ስለዚህ ለኛ የቆሙ ይመስሉናል። በጂኦሜትሪ ትምህርታችን ብናሰላው፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ናይልሳት በምዕራብ በኩል 37 ዲግሪ ያህል ከአድማስ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ኤን ኤስ ኤስ 12 ግን በምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብላ፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ይህን ሒሳብ ሠርተን ከጨረስን በኋላ ወደ ውጪ ወጥተን ጣሪያዎቹን ስንመለከት ምን አየን? በአሮጌው የምግብ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ እስካሁን ወደ ምዕራብ አፍጥጦ ቆሟል! ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ማንም አላዞረውም። እግሩ ዝጓል፤ ሳሕኑ ግን ደኅና ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገን አዲስ ኤል ኤን ቢ፣ ጥራት ያለውን ሥዕል የሚቀበል አንድ ሪሲቨር፣ 30 ሜትር ሽቦና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዋጋውን ከሦስት ሱቅ ጠይቀናል፤ የሁለት ወር ክፍያችን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የምንከፍለው የለም።

አሁን የሦስቱን ጓደኞቻችንን ክርክር እናሰማችሁ። እነሱ የሚሉት ይህ ነው፦ በነፃው ዲሽ የአውሮፓን ኳስ በየሳምንቱ እንደ ልብ ማየት አይቻልም። ይህ እውነት ነው፤ ልንደብቀው አንፈልግም። ታዲያ ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ወዴት ይሄዳሉ? ከበር ውጪ፣ በገበያው መንገድ፣ ሰዎች ዲኤስቲቪ ቤት የሚሏቸው ቤቶች አሉ፤ መግቢያው ጥቂት ብር ነው፤ በውስጡ ግን ጫት አለ፤ ከጎኑም የውርርድ ወረቀት የሚቈርጠው ሱቅ አለ። ከሦስቱ አንዱ «ኳሱን ከግቢ ብታወጡት ልጆቹም አብረው ይወጣሉ» አለን። በዚህ ቃል ላይ ሁለት ስብሰባ ፈጀን። የመጀመሪያው ቅያሜያችንም በዚሁ ነው።

በመጨረሻ ከመምህራችን ፈቃድ ወስደን ቅዳሜ ማታ ወደዚያ ሄድን። የአዳራሻችን ቴሌቪዥን በዚያው ሰዓት ያንኑ ጨዋታ ያሳይ ነበር። ቢሆንም በዚያ ቤት ውስጥ ከኛ ግቢ ልጆች አሥራ አንድ ቆጠርን። አንዱን ወደ ጎን ጠርተን «በነፃ እያለልህ ለምን እዚህ ትከፍላለህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ የውርርድ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየንና «ይህ በአዳራሹ የለም» አለን። ቤቱ የላከለትን የወር ገንዘብ በዚያ ማታ ጨርሶ ነበር። ስሙን ለማንም አልተናገርንም፤ አንናገርምም፤ በሁለተኛው ቀን ግን ራሱ መጥቶ ከኛ ጋር ሲነጋገር አመሸ።

ከዚህ በኋላ ከአራታችን ማንም ቴሌቪዥኑ ልጆቹን በግቢ ያቆያቸዋል ብሎ አልተከራከረም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ጓደኞቻችን «አሥራ አንዱ ሠላሳ ቢሆኑስ?» ይላሉ። አይሆኑም ብለን በርግጠኝነት ልንምል አንችልም። ይህን ፍርሃት እኛም እንካፈላለን፤ በዚህ ምክንያት ነው አሳባችንን እንዳለ ሳይሆን አሻሽለን የምናቀርበው።

የምናቀርበው አሳብ እንዲህ ነው። የወሩ ክፍያ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ይቁም። ዲኮደሩ አይሸጥ፤ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ክፍያው በየወሩ አስቀድሞ የሚከፈል ስለ ሆነ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ለሚደርስበት ለግንቦት አንድ ወር ብቻ መክፈል ይቻላል፤ ይህን ሦስቱ ጠይቀው አራቱ ተቀብለናል። ቅዳሜ ማታ የአዳራሹ በር እንደ ዱሮው እስከ አራት ሰዓት ክፍት ይሁን፤ ሜዳው ላይ በክፍሎች መካከል የሚደረገው ግጥሚያም ከእሑድ ጧት ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛወር፤ የስፖርት መምህራችን ፈቅደዋል። የእሑድ ከሰዓት በኋላን የጣቢያ ምርጫ ደግሞ ሴቶች ተማሪዎች ይያዙት።

ስለሚተርፈው ገንዘብ ብዙ ምኞት ቀርቦልናል፤ ጊታር እንግዛ ያሉም አሉ። እኛ የመረጥነው ለማታ ጥናት ክፍል በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶችን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በስልካቸው ብርሃን ሲያነቡ እናያለን፤ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ደብተሩ ይዘጋል። የ2014 ዓ.ም.ን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። አንድ መብራት ፈተና ያሳልፋል አንልም፤ ደብተሩ ግን በሁለት ሰዓት እንዳይዘጋ ያደርጋል። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ኳስ ይገዛበት፤ ይህችስ የአራታችንም የሦስቱም ምኞት ናት።

አሁን እጃችሁን እንድታወጡ እንጠይቃለን። አሳቡ ካለፈ ዲሹን የምናዞረው በሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። የፊዚክስ መምህራችን አቅጣጫ መለኪያውን ይዘው ይመጣሉ፤ የምግብ አዳራሹ ጣሪያ ግን ከፍ ያለ ስለ ሆነ የኛ መሰላል አይደርስም፤ ረዥም መሰላል የሚያገኝልን ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ወደ ገንዘብ ያዣችን ይምጣ።