ጀልባዪቱን ማን ይጠብቃል?



ከሐይቅ በታች ጠልቆ ለመዝናናት የሚመኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ መነጽሩና ስለ አየር ሲሊንደሩ ነው። ጀልባዪቱ ትዝ የምትለው ደክሞት ሊወጣባት ሲል ነው።

እኛም ይህን የተማርነው ከስሕተታችን ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አምስት ኾነን በቢሾፍቱ በባቦጋያ ሐይቅ ላይ ቀዝፈን፥ ሁላችንም ለዋና ዘለልን። ወዲያው ነፋስ ተነሥቶ ባዶዋን ጀልባ ገፋት። ከመካከላችን ዋና የሚችለው ተከትሎ ቢይዛትም፥ መሰላል ስላልነበራት ልንወጣ ስንታገል ልትገለበጥብን ነበር። አንዱ ጓደኛችን እጁ ዝሎ ሊለቅ ሲል በክንዱ ይዘን አቈየነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፥ ከዚያ ወዲህ የመጥለቅን ትምህርት ሳንጨርስ ላንጠልቅ ተማምለን፥ ጀልባዪቱን አስቀድመን ማሰናዳት ያዝን።

መጀመሪያ መሰላል አበጀንላት፤ ታችኛዎቹ ርካቦች ከውሃው በታች ይወርዳሉ። ጠላቂው የክብደት ቀበቶውንና ሲሊንደሩን ውሃው ውስጥ ሳለ ፈትቶ ለጀልባው ሰው ያቀብልና ቀልሎ ይወጣል። ከኋላዋም ተንሳፋፊ የታሰረበት ረዥም ገመድ ለቀቅን፤ የደከመ ይይዘዋል።

ሁለተኛው መልሕቅ ነው። ሐይቁ በመካከሉ 60 ሜትር ያህል ስለሚጠልቅ፥ መልሕቅ የሚጣለው ወደ ዳር ነው። ጥልቀቱ 10 ሜትር ቢኾን ገመዱ ከ30 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ያጠረ ገመድ መልሕቁን ከመሬት ይነቅለዋል።

ሦስተኛው ጭነት ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይታመቅበታል። ስለዚህ እንዳይንከባለል በጀልባዪቱ ወለል መካከል ተጋድሞ ይታሰራል። የሕክምና ሣጥንና ኦክሲጅንም ከእጅ አይርቁም። ሌሎች ጀልባዎች እንዳይጠጉ፥ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት ቀይ ሰንደቅ ከፍ ብሎ ይሰቀላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጀልባዪቱ የማይወርደው ሰው ነው። እርሱ ነፋሱን ያያል፤ የጠላቂውን ጥልቀትና ደቂቃ ይጽፋል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለኾነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በዚህም ምክንያት ለባሕር የተሰናዳው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ሳይታረም አያገለግልም። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው ከፍ ወዳለችው ወደ አዲስ አበባ መውጣትም ሰውነትን ሊጎዳ ይችላልና፥ የመቈያው ሰዓት የሚታወቀው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ኩስቶና ጋኛን የሠሩት መሣሪያ ሰው በውሃ ውስጥ እንዲተነፍስ አስቻለው፤ ከላይ ኾኖ የሚጠብቀውን ባልንጀራ ግን ሊሰጠው አልቻለም።

መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ሆይ፥ እኛ ስንዋኝ እናንተ በጀልባዪቱ ላይ ቀርታችሁ ጠብቃችሁናል። ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፥ እኛም በተራችን ለታናናሾቻችን የምንጠብቅ እንድንኾን አምላክ ይርዳን።