ጉልበት ሁለት ነገር ነው፦ ሪጹፍ ስንሠራ ጤናችንን እንጠብቅ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሪጹፍ፣ ማለት ስለ ወለል ንጣፍ ሥራ ነው። ከሠራዊት ወጥተን ትምህርት እስክንጀምር ብዙዎቻችን ገንዘብ ለማጠራቀም እዚህ ሥራ ውስጥ እንገባለን። እኔም በትምህርት ዕረፍት ከአጎቴ ጋር እሠራለሁ።

በአማርኛ "ጉልበት" ሁለት ነገር ነው፤ አቅምም ነው፣ የእግር መታጠፊያውም ነው። በሪጹፍ ሥራ ካልተጠነቀቅን ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። አጎቴ ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ዛሬ ከሶፋ ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ። "አመመዎት?" ስንላቸው "ምንም አይደል" ይላሉ። ቤታችን ውስጥ ጨዋ ሰው አያማርርም። የዚህ ሥራ ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ፣ ዝም ባልን ቁጥር ይብስብናል።

ከጉልበት እንጀምር። ጠንካራ የጉልበት መከላከያ እሰሩ፤ ካርቶን አይበቃም። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡና እግራችሁን ዘርጉ። ጉልበታችሁ ካበጠና ከሞቀ ሐኪም ይየው።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ሴራሚክና ፖርሰሊን በደረቁ በዲስክ ሲቆረጥ ሲሊካ የሚባል በጣም ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውን የሚያድን መድኃኒት የለም። ለማእድ ቤት የሚሆነው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ እስከ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል። እዚህ እስራኤል ውስጥ እሱን ሲቆርጡ የኖሩ ሠራተኞች ሳንባ እስከ መቀየር ደርሰዋል። አውስትራሊያ በ2024 ይህን ድንጋይ ከልክላለች። ስለዚህ በውሃ በሚሠራ መቁረጫ ቁረጡ። ማስክ ስታደርጉ FFP3 ይሁን ለማለት "ኤፍ ኤፍ ፒ ሦስት" ብላችሁ ጠይቁ፤ የኮሮና ጊዜው ስስ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ጺም ካለ ማስኩ ፊት ላይ አይገጥምም። ሲጨርሱ በደረቁ መጥረግም አቧራውን መልሶ ያስነሣል፤ አርጥቡት።

ውሃና ኤሌክትሪክ ግን አይዋደዱም። ተራውን የእጅ ዲስክ ውሃ አታፍስሱበት። ከመጀመራችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ ሚምሳር ፐሐት መኖሩንና መሥራቱን አረጋግጡ።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አያምም። ሱሪያችሁ ረጥቦ በላዩ ከተንበረከካችሁ፣ ማታ ስታወልቁ ነው ቁስሉን የምታዩት። ጓንት አድርጉ፤ ከነካችሁ ወዲያው ልብሱን አውልቁና በብዙ ንጹህ ውሃ ታጠቡ። የ25 ኪሎ ከረጢት ስታነሡም ወገባችሁን ሳይሆን እግራችሁን ተጠቀሙ፤ ሲቻል በጋሪ ግፉት።

በመጨረሻ፣ ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ "ያልፋል" ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ከአሠሪው የቢቱዋሕ ለኡሚን ቅጽ 250 ጠይቁና ቁፓት ሆሊም ሂዱ። ለሐኪሙም ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ ተናግራችሁ አስጽፉ። ያልተጻፈ ነገር በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

አባቶቻችንና አጎቶቻችን ዕብራይስጥ ሳይበቃቸው፣ መብታቸውን የሚነግራቸው ሳያገኙ ሠርተዋል። እኛ ሁለቱንም ቋንቋ እናውቃለን። አሠሪውን "ማስኩ የት አለ?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የራስን ጉልበት ማክበር ነው። ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ በዚህ ሥራ ያለ ሰው ካለ ይህን ክፍል አብራችሁ ስሙት።