ሕዋሳት በማኅበር ሲጓዙ

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዐይንና ጆሮ የሌለው ሕዋስ አቅጣጫውን በምን ያውቃል? የተለመደው መልስ የኬሚካል ምልክት ይከተላል የሚል ነው። ይኸ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ሕዋስ የረገጠውን ነገር ጥንካሬም እየዳሰሰ ይሄዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ነጠላ ሕዋስ ከለስላሳ ጄል ወደ ጠንካራው ሲሻገር አሳየ፤ ጠባዩም ዱሮታክሲስ ተባለ።

ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ማኅበሩ ነው። በ2016 የባርሴሎና ተመራማሪዎች ከሰው ጡት የተገኙ ሕዋሳትን ጥንካሬው ቀስ በቀስ በሚጨምር ጄል ላይ አኖሩ። ለየብቻ የነበሩት ልዩነቱን ሳይለዩ ቀሩ፤ ተያይዘው የነበሩት ግን ወደ ጠንካራው ወገን ተጓዙ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዱ ሕዋስ ትንሽ ስለሆነ በፊቱና በኋላው ያለው ጥንካሬ ይቀራረብበታል። ማኅበሩ ግን ረጅም ነው፤ አንዱ ጫፉ በለስላሳው፥ ሌላው በጠንካራው ላይ ያርፋል። ሁለቱም ጫፎች የረገጡትን ወደ መኻል ይስባሉ። ገመድ የሚጓተቱ ሁለት ወገኖችን እናስብ፤ አንዱ ጭቃ ላይ፥ ሌላው ዐለት ላይ ቆሟል። በጭቃው ያለው መሬቱ እየከዳው ወደ ዐለቱ ይሳባል። ገመዱ ሕዋሳቱ የተያያዙበት መጋጠሚያ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ይኸን ባላሉት ጊዜ ማኅበሩ አቅጣጫውን አጣ።

ነገሩ በጄል ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2021 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ ፊትን ከሚሠሩት ሕዋሳት ዘንድ ይኸንኑ አገኙ። እነዚህ ሕዋሳት የነኩትን ጎረቤት ሥጋ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። መንገዳቸውን ራሳቸው ያበጃሉ ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ተረቱ የሚነግረን ስለ ኃይል ነው፤ እዚህ ግን ኅብረት ዕውቀትም ሆኖ እናገኘዋለን። ሆኖም ኅብረት ሁሉ መልካም ነው ብለን አንቸኩል። የጡት ካንሰር እብጠት ከአካባቢው ሥጋ ይልቅ ይጠነክራል፤ የካንሰር ሕዋሳትም ብዙ ጊዜ በቡድን ይሰደዳሉ።

አንዱን ሕዋስ ብቻ መርምረን «ልዩነቱ አይሰማውም» ብንል ኖሮ፥ ስለ ነጠላው ትክክል፥ ስለ ሕይወቱ ግን ስሕተተኞች በሆንን ነበር። ስለዚህ የባዮሎጂና የፊዚክስ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጥ፤ መምህሮቻችንም ይምሩን።