ትልቅ ሞተር በትንሽ መኪና
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ፊት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ «ገንዘቡን አዋጥተናል፤ መኪናዪቱም ቆማለች፤ ታዲያ ሞተሩን እስካሁን ያልገዛችሁት ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የእናንተ እንደ መሆኑ መጠን መልሱም ለእናንተ ይገባል። እኛም የምሕንድስና ተማሪዎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህንኑ መልስ ለመስጠት ነው። ባጭሩ እንናገረው ከተባለ፥ ሞተር የሚገዛው በመጨረሻ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል ግን ማስረዳት ይኖርብናል።

የምንነጋገርባት መኪና የ1300 ሞተር ያላት፥ በኋላ እግሯ የምትነዳ አሮጌ ትንሽ መኪና ናት። አሳባችን የ2000 ሞተር አስገብተንባት ዳገት የማያስጨንቃት፥ ፈጣን፥ ነገር ግን በየዕለቱ በመንገድ የምትሄድ መኪና ማድረግ ነው። የእሽቅድምድም መኪና ልናደርጋት አላሰብንም። ይህን ልዩነት እንድታስታውሱልን እንለምናለን። የእሽቅድምድም መኪና በተከለለ ሜዳ ይሮጣል፤ ቢሳሳትም የሚጎዳው አስቀድሞ አደጋውን የተቀበለ ሰው ነው። የመንገድ መኪና ግን ትምህርት ቤት ከሚሄድ ሕፃን፥ ከገበያ ከምትመለስ እናት፥ መንገድ ከሚሻገር ሽማግሌ ጋር አንድ መንገድ ይካፈላል። እነርሱ ደግሞ ስለ ሞተራችን ማንም የጠየቃቸው የለም።

በመጀመሪያ ትልቅ ሞተር መፈለጋችን ከንቱ ምኞት አለመሆኑን እናስረዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ቤንዚን ብቻ የሚበላ ይመስለናል እንጂ ከቤንዚኑ ይልቅ አብዝቶ የሚበላው አየር ነው። አየሩ በሩብ ሲሳሳ ኃይሉም በሩብ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ የ1300 ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ የ1000 ሞተር ከሚስበው እምብዛም አይበልጥም፤ የ2000ውም የ1500 ያህል ነው። ትንሿ መኪናችን አምስት ሰው ጭና ወደ እንጦጦ ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ የምታቃስተው ስለዚህ ነው። አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ቱርቦ የተባለው መሣሪያ ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ዕዳ ሁሉ ለእርሱም አይቀርለትም።

ነገሩን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ብናየው ይቀላል። (ዓመቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሰንቢም አልፓይን የምትባል ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና ይሠራ ነበር። መልኳ ያማረ ነው፤ ሞተሯ ግን ባለ አራት ሲሊንደር 1600 ያህል ስለ ነበር በአሜሪካ ገበያ ከብርቱዎቹ መኪናዎች ጋር መወዳደር ተሳናት። በካሊፎርኒያ የኩባንያው ሹም የነበረው ኢያን ጋራድ አንድ የአሜሪካ ቪ 8 ሞተር ይገባባት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ታዲያ መጀመሪያ ምን አደረገ? ሞተር አልገዛም። የጥገና ክፍሉን ኃላፊ የእንጨት መለኪያ አስይዞ ወደ መኪና መሸጫዎች ላከው። ሰውዬውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ የየሞተሩን ርዝመትና ስፋት ከለካ በኋላ፥ የሚገባው የፎርድ 260 መሆኑን ይዞ ተመለሰ። 260 የተባለው በኩብ ኢንች ሲቆጠር ነው፤ በሊትር 4.3 ያህል ይሆናል።

ይህ ሞተር የተመረጠው ስለ ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ብረቱ በቀጭኑ የተቀረጸ በመሆኑ ክብደቱ 200 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። በርዝመት ከቀድሞው ሞተር የሚበልጠው ወደ 9 ሴንቲሜትር ነው። እሳት ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተርም የተቀመጠው ከፊት ነው እንጂ ከኋላ፥ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አይደለም። ይህችን ስለ ዲስትሪቡተር የተነገረች ትንሽ ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1963 ሁለት ናሙናዎች ተሠሩ። አንደኛውን ኬን ማይልስ በጥቂት ቀንና በጥቂት ገንዘብ ገጣጠመው፤ ሥራውም ሞተሩ የሚገባ መሆኑን ማሳየት ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ካሮል ሸልቢ በ10000 ዶላርና በስምንት ሳምንት ቀጠሮ የተጠናቀቀ መኪና አድርጎ እንዲሠራ ተዋዋለ። «ይገባልን?» የሚለው ጥያቄና «ይሠራልን?» የሚለው ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። የመጀመሪያውን በጥቂት ቀን መመለስ ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላል። በየጋራዡ ጥግ ኮፈናቸው ተከፍቶ አቧራ የሚለብሱት መኪናዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሰው በሁለተኛው ላይ የቀሩ ናቸው።

መኪናዪቱ በ1964 ሰንቢም ታይገር ተብላ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታየች። ጉልበቷ 164 የፈረስ ኃይል፥ ከአልፓይኗ እጥፍ ያህል ነበር። ይሁን እንጂ የተለወጠው ሞተሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቀድሞው የመሪ ማርሽ ሞተሩን ስላላሳለፈ መሪዋ በሌላ ዓይነት ተተካ። ካምቢዮዋ ተለወጠ። የኋላ አክሰሏና ዲፈረንሻሏ በጠንካራ ተተኩ፤ የዲፈረንሻሉም ማባዣ ከ3.89 ወደ 2.88 ወረደ። አክሰሏ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝ ዘንግ ተጨመረላት። ክብደቷ ከአልፓይኗ ከመቶ ኪሎ በላይ ጨመረ።

ያም ሆኖ እንከን አልታጣባትም። ጄንሰን በተባለው ፋብሪካ ስትገጣጠም፥ ሞተሩ ይገባ ዘንድ ቀለም የተቀባውን የፊት ግድግዳ በመዶሻ እየደበደበ የሚያጎደጉድ ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ከስምንቱ ካንዴላዎች አንዱን ለመፍታት መካኒኩ ተሳፋሪው ከሚቀመጥበት በኩል በተበሳ ቀዳዳ እጁን መስደድ ነበረበት። የሞተሩ ቤት ጠባብ ስለ ሆነ ሙቀት ያስቸግራት ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለእንግሊዞችም ሳይሠራ አልቀረም።

ፍጻሜዋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። በእነዚያው ዓመታት ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩትስን በእጁ አደረገ። የተቀናቃኙን የፎርድን ሞተር በራሱ መኪና ውስጥ መሸጥ ስላልወደደ የራሱን 273 ሞተር ሊተካበት አሰበ። መጠኑ ተቀራራቢ ነው፤ ዲስትሪቡተሩ ግን ከኋላ ስለ ነበር አልገባም። ታይገርም 7000 ያህል ከተሠራች በኋላ በ1967 ሥራዋ ቆመ። አንዲት መኪና እንግዲህ በዲስትሪቡተር ቦታ ምክንያት ሞተች ማለት ይቻላል። የሞተር ዕቅድ ማለት ዛሬ መግጠም ብቻ እንዳልሆነ፥ ነገ መለዋወጫውን ከማን እናገኛለን የሚለውንም እንደሚጨምር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን መኪና እንመለስ። እኛ የያዝነው ቅደም ተከተል ሰው ሁሉ ከሚይዘው የተገለበጠ ነው። ከሞተር ተነሥተን ወደ ጎማ አንወርድም፤ ከጎማ ተነሥተን ወደ ሞተር እንወጣለን።

መጀመሪያ ፍሬን። የመኪና የሩጫ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 100 ሲሄድ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አገራችን ደግሞ የቁልቁለት አገር ናት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቿ 1200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ስትወርድ የሚፈታው ጉልበት 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም አርባ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘ ሞተርና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ የሚገባው በፍሬኑ ብረት ውስጥ ነው። አሮጌው ታምቡሮ በዚህ ጊዜ ይግልና መያዙን ይተዋል። እግርን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮም የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ በደጋ አገር እርዳታው ያንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለፊት ዲስክ ፍሬን፥ ለጎማና ለቸርኬ ነው።

ሁለተኛ የጉልበት መንገድ። ሞተር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል በማርሽ እየተባዛ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለምሳሌ 100 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር፥ አንደኛ ማርሹ 3.6፥ ዲፈረንሻሉ 4.1 ቢሆን የኋላው አክሰል የሚቀበለው 1476 ነው። ሞተሩ 180 ሲሰጥ ግን 2657 ይሆናል። ለመጀመሪያው ታስቦ የተሠራ አክሰል ሁለተኛውን ለጥቂት ጊዜ ይሸከም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ይሰበራል። ከፍሪሲዮን እስከ ቸርኬ ያለው ሁሉ አንድ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለትም የሚበጠሰው ከደካማው ቀለበት ላይ ነው።

ሦስተኛ ሙቀት። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሦ ያህል ነው፤ ሌላው በማርሚታና በራዲያተር ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ሲያድግ ራዲያተሩም ማደግ አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን በቤተ ሙከራ ያያችሁት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እየያዘ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን እዚህ የሚነሣው ከዝቅተኛ ቦታ ነው።

አራተኛ ልኬት። ርዝመት፥ ስፋት፥ ቁመት፥ የዘይት ቋቱ ከመሪው ዘንግ ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ፥ ኮፈኑ መዘጋት አለመዘጋቱ፥ የካንዴላ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ መኖሩ፤ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሞተሩን በካርቶን በልኩ ሠርተን ቤቱ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ካርቶን ሲሳሳት በመቀስ ይታረማል። የዛሬ ሞተር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለ ሆነ ኮምፒውተሩንና የሽቦ መረቡን ሙሉ በሙሉ አብሮ ካልተገዛ ቢገጠምም አይነሣም። ይህን ያልጠየቀ ገዢ የገዛው ሞተር ሳይሆን ብረት ነው።

አምስተኛ ሕግ። በሊብሬው ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ ተለውጦ ሊብሬው ካልተለወጠ መኪናዪቱ በወረቀት ሌላ፥ በመንገድ ሌላ ናት። በዓመታዊው ምርመራ ከመያዟም በላይ፥ እግዚአብሔር አያምጣውና አደጋ ቢደርስ፥ የሦስተኛ ወገን መድኑ ለተጎጂው መክፈሉ ላይ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱ የሚጠየቀው ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «እናንተስ ፈሪዎች ናችሁ» የሚለን አይጠፋም። ሞተሩን ዛሬ ገዝተን በሁለት ሳምንት ውስጥ በግቢያችን በር ድምፁን እያሰማን ብናልፍ ብዙ ጭብጨባ እንደምናገኝ እናውቃለን። ነገር ግን የተማርነው ለጭብጨባ ከሆነ የእንጨት መለኪያ ይዞ ከሱቅ ወደ ሱቅ የዞረው ሠራተኛ ከእኛ ይበልጣል። እኛ የምንፈልገው ያዋጣችሁት ገንዘብ ከመኪና አልፎ ዕውቀት ሆኖ እንዲቀር ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ቁጥሩን፥ ሥዕሉንና ሒሳቡን በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል።

እንግዲህ በፊታችሁ የምናቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከተሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ለፍሬንና ለጎማ እንድናወጣ ፍቀዱልን። ሁለተኛ፥ የልኬቱ ደብተር ተሞልቶ መምህራኖቻችን እስኪያዩትና እስኪፈርሙበት ድረስ ስለ ሞተር ግዢ አትጠይቁን፤ ከዚያ በኋላ ግን አጥብቃችሁ ጠይቁን። ሦስተኛ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መለኪያና እርሳስ መያዝ የሚችል ሁሉ የየትኛውም ክፍል ተማሪ ቢሆን መጥቶ ይርዳን። የሕግ ተማሪው የሊብሬውን ጉዳይ ይከታተል፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪው ሒሳባችንን ይመርምር።

መኪናዪቱ በትልቅ ሞተር ከዚህ ግቢ የምትወጣበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን የምንኮራው በፍጥነቷ ብቻ ሳይሆን፥ ሕፃን ድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ ለመቆም በመቻሏ እንዲሆን እንመኛለን።