ከባሮ ዳር የወጣ ጥናት

ከጋምቤላ ከተማ የባሮን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ኢታንግ ይደርሳል። የአኙዋ፣ የኑዌርና የኦፖ ሕዝቦች የሚጎራበቱበት ወረዳ ነው።

የአካባቢው ጥናት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። አኙዋንና ኑዌርን በሱዳን በኩል በ1930ዎቹ አጠና፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአኙዋ ታጣቂዎችን እየመራ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። ከተመራማሪ የማይጠበቅ ሥራ! (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢትዮጵያ በኩል የአኙዋንና የኑዌርን ግንኙነት በጥልቀት የመረመሩት ዶክተር ደረጀ ፈይሳ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ተምረው፣ ጀርመን ሃለ በሚገኘው ማክስ ፕላንክ ተቋም ሆነው የዶክትሬት ጥናታቸውን በጋምቤላ ላይ ሠሩ። መጽሐፋቸው በ2011 ታትሟል።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፦ አኙዋና ኑዌር ለምን ይጋጫሉ? ብዙ ሰው መሬትና ግጦሽ ብሎ ያልፋል። ለደረጀ ግን ይህ መልስ አልበቃቸውም። ለአኙዋ ማንነት ከትውልድ ሐረግና ከአባቶች መሬት ጋር የተቆራኘ ነው፤ ድንበሩም ጥብቅ ነው። ኑዌር በአንጻሩ ባዕዱን በጋብቻና በዝምድና ወደ ጎሳው ያስገባል። አንዱ እንግዳ መቀበል የሚለውን ሌላው መዋጥ ይለዋል። በዚህ ላይ የክልሉ የሥልጣን ክፍፍል ሲጨመር ነገሩ ይከርራል። የጥናቱ ጥንካሬ ሦስቱን፣ ማለትም ሀብትን፣ ማንነትንና ሥልጣንን፣ አንድ ላይ ማየቱ ነው።

ደረጀ ከዚህ ሌላ በአፍሪካ ቀንድ ድንበሮች ላይ ጽፈዋል። ከሀዲያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገውን ስደትም አጥንተዋል።