ቢትልስ፦ ከሲኒማ ቤት ጓዳ እስከ ለንደን ጣሪያ

እሷ፦ የቢትልስ ባንድ የሊቨርፑል ልጆች እ.ኤ.አ. በ1960 ጀርመን፣ ሀምቡርግ ሲገቡ የት እንዳደሩ ታውቃለህ? ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ከስክሪኑ ጀርባ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ! በየሌሊቱ ለሰዓታት ይጫወቱ ነበር። እኔ እንደማምነው ቢትልስን ቢትልስ ያደረገው ያ ልፋት ነው።

እሱ፦ በ1964ማ አሜሪካ ገብተው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢት 73 ሚሊዮን ሰው አያቸው።

እሷ፦ ታዲያ እንዲህ ገንነው ሳለ ምን በተናቸው? ብዙ ሰው ጣቱን የጆን ሌነን ሚስት ዮኮ ኦኖ ላይ ይቀስራል።

እሱ፦ ኧረ ግፍ ነው! ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን በ1967፣ ገና በ32 ዓመቱ ሞተ። ቤቱ ምሰሶውን አጣ በለው። ከዚያ ገንዘባቸውን ማን ይያዝ የሚለው ጣጣ መጣ፤ ሦስቱ አለን ክላይንን ሲመርጡ ፖል ማካርትኒ አሻፈረኝ አለ። ጆርጅ ሃሪሰንም ዘፈኖቼ ቦታ አጡ ብሎ ከፍቶታል።

እሷ፦ እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ጣሪያ ላይ ያቀረቡት ኮንሰርት ነገር ነው። ጃንዋሪ 30፣ 1969፣ ለንደን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሪንጎ የሚስቱን ቀይ የዝናብ ካፖርት ደርቦ ከበሮውን ይመታል፤ መንገደኛው አንገቱን አቅንቶ ያያል፤ ፖሊሶች ደረጃውን ይወጣሉ።

እሱ፦ ያን ሁሉ ተኳርፈው፣ ሲጫወቱ ግን ይሳሳቃሉ።

እሷ፦ 42 ደቂቃ ያህል ነው። አራቱ በሕዝብ ፊት አብረው የተጫወቱት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።